ዘይቱ የሚመለስበት መንገድ

ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ገና ሲነሣ የሚጠብቀው ዳገት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከደብረ ሲና በላይ የቆፈሩት የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ በአጭር ርቀት ይህን ሁሉ ከፍታ ከወጣ በኋላ መንገዱ በደጋው ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ደብረ ብርሃንን አልፎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተነዳ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ጫጫ ትገኛለች። አካባቢው የወተት፣ የገብስና የበግ አገር ነው። በከተማዋ ከጭነት መኪናው፣ ከሚኒባሱና ከቅጥቅጡ ሌላ፣ ማለዳ ወተት የሚያመላልሱ ፒክአፖች አሉ። ብዙዎቹ ናፍጣ ናቸው፤ ከናፍጣዎቹም ብዙዎቹ ተርቦ አላቸው።

ተርቦ በዚህ ከፍታ ቅንጦት አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ጫጫም ከእርሷ ብዙ አታንስም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ72 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ስቦ ስለሚጠቀም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ያጣል። ይህን ችግር መጀመሪያ በትልቁ የፈተሹት አውሮፕላን ሠሪዎች ነበሩ። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን የተርቦ ሐሳብ ይዞ፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ያህል ነው። በዝቅተኛው አገር 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ተርቦ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። የጫጫና የጣርማ በር ሾፌር በየቀኑ የሚያገኘው ጥቅም ይኸው ነው።

ጥቅሙ ግን ዕዳም አለው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመፍጠር ይበልጥ መፍጠን አለበት። በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥ ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ ተርቦ በዘይት ጉዳይ ምሕረት የለውም። ሞተር ዘይት ሲያጣ ከአካላቱ ሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ተርቦው ነው።

ብዙ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል። ከተርቦው አካባቢ ዘይት ሲታይ «ተርቦው ጨርሷል» ይባላል። ባለቤቱ ያገለገለ ተርቦ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ይገዛል፤ ያስገጥማል። ከወር በኋላ የተገዛውም ዘይት ይተፋል። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት ይህ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። በአብዛኛው የታመመው ተርቦው አይደለም፤ ዘይቱ የሚመለስበት መንገድ ነው የተዘጋው። ይህንን ደግሞ አንድ ጥንቁቅ ሰው በግቢው ውስጥ፣ በተራ መፍቻ፣ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የተርቦን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ቀጭን ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ባለክንፍ መዘውሮች አሉ። አንዱን የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሌላኛው ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ በትንንሽ መኪኖች ላይ 200,000 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚህ ፍጥነት ብረት ብረትን ከነካ ነገሩ በአንድ አፍታ ያልቃል። ስለዚህ ዘንጉ ብረት ላይ አይቀመጥም፤ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ከሞተሩ ፓምፕ በግፊት ይገባል፤ ዘንጉን አቀዝቅዞና አለስልሶ ከሥር ባለው ወፍራም ቱቦ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ሲወርድ የሚገፋው ነገር የለም። በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከአየር ጋር ተደባልቆ፣ አረፋ ሆኖ ነው የሚንጠባጠበው።

በዘንጉ ዳርና ዳር ዘይቱን የሚያግደው ነገር እንደ ክራንክ ሻፍቱ የጎማ ፓራኦሊዮ አይደለም። ጎማ በዚያ ሙቀት አይቆይም። እንደ ፒስተን ፋሻ ያለች ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። ቀለበቷ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። ሥራዋ የሚሳካው በውጭ ያለው የአየርና የጭስ ግፊት ከውስጡ ሲበልጥና ዘይቱ ሳይጠራቀም ቶሎ ሲወርድ ነው። የመውረጃው ቱቦ ከጠበበ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ይሞላል፤ ከዚያም በቀለበቷ በኩል ወደ ጭሱ ወይም ወደ አየሩ ቱቦ ያመልጣል። ቤት ውስጥ ውኃ ገባ ብሎ ጣሪያ ከመለወጥ በፊት አሸንዳው በቅጠል እንዳልተዘጋ ማየት ይገባል፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት ጫጫ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ መካኒኮች በሞተሩ ኮድ ቱኬዲ የሚሉት ነው። ወተት ሲያመላልስ የኖረ መኪና ነው። ከሥሩ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ቱቦም ውስጡ ዘይት ነበረበት። አንድ ጋራዥ ተርቦው እንዲቀየር ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ከመቀየሩ በፊት ራሳቸው ሊያዩት ፈለጉ። ረዳታቸው የወንድማቸው ልጅ፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነው።

መጀመሪያ የተደረገው ነገር ማጠብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም ይህንኑ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪው ገመድ ተነቀለ። ዳይናሞውና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹ በላስቲክ ተሸፈኑ። የጠነከረው የዘይትና የአቧራ ቅርፊት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ተፋቀ፣ ከዚያ በሳሙና ታጥቦ እስኪደርቅ ተተወ። ቤንዚን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ተኑ ከሩቅ እሳት ይስባል። መኪናው ከፍ ሲል ጎማዎቹ በታኮ ተያዙ፣ ከክሪኩ ሌላ የብረት መቆሚያ ከሻሲው ሥር ገባ። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጋበዝ ስለሆነ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

«ጋሼ፣ ከኮፓው ነው የሚወርደው» አለ ልጁ ከሥር ተንጋልሎ።

«ኮፓውማ መጨረሻው ነው። ወደ ላይ እያየህ ና።»

ይህ አጭር ምላሽ የፍለጋው ሁሉ ቁልፍ ነው። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ የታየበት ቦታ የወጣበት ቦታ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ከቴስታታው ክዳን የኋላ ጥግ የሚወጣ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የኋላው ፓራኦሊዮ ነው ተብሎ ካምቢዮ የወረደባቸው መኪኖች አሉ። ሁልጊዜ እርጥበቱ የሚጀምርበትን ከፍተኛውንና የፊተኛውን ነጥብ መፈለግ ነው።

የታጠበው ሞተር ሲደርቅ ልጁ የሕፃን ፓውደር በጥርጣሬ ቦታዎች ላይ ነፋ፤ ከሥርም ካርቶን ተነጠፈ። ሞተሩ ተነሣ፣ እስኪሞቅ ቆየ፣ ጥቂት ተነድቶ ተመለሰ። በነጩ ፓውደር ላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች ነበሩ። አንዱ ከቴስታታው ክዳን ጋርኒሲዮን የኋላ ጥግ፣ ሁለተኛው ወደ ተርቦ ዘይት ከሚያስገባው ቧንቧ ብሎን፣ ሦስተኛው ከተርቦው የመመለሻ ቱቦ መጋጠሚያ።

በሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ሲፈስ ሦስት ጋርኒሲዮን አብረው አረጁ ማለት ይቻላል፤ ግን አንድ የጋራ ምክንያት መጠርጠር ይሻላል። ሽማግሌው ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው በቀዳዳው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። ከቀዳዳው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ጭስ ወጣ። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ታምቋል።

ማንኛውም ሞተር ሲሠራ ጥቂት የቃጠሎ ጋዝ በፒስተን ፋሻዎች አልፎ ወደ ኮፓው ይገባል። ይህ ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦ ወጥቶ ከተርቦው በፊት ባለው የአየር ቱቦ እንደገና ወደ ሞተሩ ይገባል። መተንፈሻው ከተዘጋ ጋዙ የሚወጣበትን ቀዳዳ ራሱ ይፈልጋል። ደካማውን ጋርኒሲዮን፣ የመለኪያውን ዘንግ ቀዳዳ፣ ፓራኦሊዮውን ሁሉ ይገፋል። ከዚያም በላይ፣ በክብደቱ ብቻ ወደ ኮፓው መውረድ ያለበትን የተርቦ ዘይት ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ተርቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዘይት ይተፋል።

የመተንፈሻው ቱቦ ሲወልቅ ውስጡ ነጭ ቢጫ በሆነ ወፍራም ቅባት ተሞልቶ ነበር። ይህ የደጋ በሽታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት አገር ሞተሩ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይነሣል። ወተት የሚያመላልስ መኪና ደግሞ ከበር ወደ በር አጭር አጭር መንገድ ይሄዳል፣ በመካከሉ ይጠፋል። ዘይቱ በውስጡ ያለውን እርጥበት ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ውኃውና ዘይቱ ተደባልቀው ይረጋሉ፣ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማሉ። እንዲህ ያለ ቅባት ሲታይ ብዙ ሰው የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ብሎ ይደነግጣል። የራዲያተሩ ውኃ ካልጎደለና በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ጥቁር ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ብርዱና አጭሩ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የመመለሻው ቱቦ ወለቀ። እዚያ የተገኘው ነገር ልቤን አሳዘነው። ከዚህ በፊት የነካው ሰው በመጋጠሚያው ላይ ሲልከን ቀብቶበታል። ሲልከኑ ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ገብቶ፣ ደርቆ፣ የቀዳዳውን ግማሽ ያህል ዘግቶታል። በላዩ ላይ የተቃጠለ ዘይት ከሰል ሆኖ ተለጥፎበታል። በተርቦ የዘይት መግቢያም ሆነ መመለሻ ላይ ሲልከን አይቀባም። ከውጭ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ የዚያኑ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ተቆርሶ ከወደቀ ደግሞ ኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ሞተሩ ሁሉ ነው። ለዚያ ቦታ የተሠራው የብረት ጋርኒሲዮን ዋጋው ጥቂት ነው።

ከሰሉ ከየት መጣ? ሞተር ብዙ ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል። ተርቦው ግን በናፍጣ ሞተር ላይ የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ ስለሆነ ገና ግሎ ነው። በውስጡ የቀረው ዘይት እዚያው ይጠበሳል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሾፌር ደጋው ሜዳ ላይ ዘና ብሎ ነድቶ ጫጫ ሲደርስ ተርቦው ቀዝቅዟል፣ ችግር የለበትም። አደጋው ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁልፉን ወዲያው የሚያጠፋው ላይ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ መተው ይበቃል።

ተርቦው ራሱስ? የአየሩ ቱቦ ወልቆ ዘንጉ በጣት ተነካ። ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል። ይህ ልክ ነው፤ የዘይት ንጣፉ የሚቀመጥበት ክፍተት ነውና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋና ሲሳብ ግን የሚሰማ እንቅስቃሴ የለውም። ክንፎቹ ቤታቸውን አልጫሩም፣ አልተሰበሩም። ሲሽከረከር አይንቋቋም። የአየር ፊልትሮው ግን በአቧራ ታፍኖ ነበር። የታፈነ ፊልትሮ ተርቦው አየር ሲያጣ ዘይቱን በቀለበቷ በኩል ወደ ራሱ እንዲስብ ያደርገዋልና እሱም የወንጀሉ ተካፋይ ነው። በቱቦው ግድግዳ ላይ ስስ የዘይት እርጥበት መኖር ግን ከመተንፈሻው የሚመጣ ነው፤ በተርቦው አይፈረድበትም።

«እንግዲህ ይኼ ተርቦ ምን አጠፋ?» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። የመተንፈሻው ቱቦ በነጭ ጋዝ ታጥቦ በንፋስ ደረቀ። የመመለሻው ቱቦ ተፍቆ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪያሳልፍ ጸዳ። በመግቢያው ቧንቧ ብሎን ሥርና ላይ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ተቀየሩ። አዲስ ባይገኝ፣ ያልተላጠ የመዳብ ቀለበት እሳት ላይ ቀልቶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለሰልሳል፤ ነባር መካኒኮች የሚያውቁት እውነተኛ ዘዴ ነው። የቴስታታው ክዳን ጋርኒሲዮን ሲቀየር ሁለቱም ገጾች በፕላስቲክ መፋቂያ ጸዱ፤ በካቻቢቴ የተፋቀ አሉሚኒየም ይጫራል፣ ጭረቱም አዲስ መፍሰሻ ይሆናል። ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ጠበቁ። ለእነዚያ ትንንሽ ብሎኖች 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል። ሲፈስ አጥብቀው ማለት ልማድ ሆኗል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ጋርኒሲዮን ግን ይጨፈለቃል፣ ክዳኑም ይጣመማል።

ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ቀረ። ደርቆ የተገጠመ ተርቦ ያለ ዘይት ከተነሣ ያን ደቂቃ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ የሞተር ዘይት ፈሰሰበት። አዲስ ፊልትሮና ለተርቦ ናፍጣ ሞተር የሚሆን 15ደብልዩ40 ዘይት ገባ፤ መጠኑ ከመለኪያው የላይኛው ምልክት እንዳያልፍ ታየ። ዘይት ማብዛት ራሱ መመለሻውን ከታች ይዘጋዋል። ናፍጣ እንዳይደርሰው ተደርጎ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ ተዞረ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ጥቂት ደቂቃ ሠራ።

እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ማስጠንቀቂያ አለኝ። የናፍጣ ሞተር በተርቦው በኩል ብዙ ዘይት ከሳበ ያንን ዘይት ራሱን እንደ ናፍጣ ያቃጥለዋል። ፍጥነቱ ሳይረገጥ ይጨምራል፤ ቁልፍ ቢጠፋም አይቆምም፤ ነዳጁ ከሰልባቲዮው አይደለምና። ይህ ሲሆን በማርሽ የሚሠራ መኪና ከሆነ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅና ማፈን ነው። ካልሆነ የአየር መግቢያውን በወፍራም ጣውላ መዝጋት። በእጅ ወይም በጨርቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ሰማያዊው ጭስ ብዙ ሆኖ የዘይቱ መጠን በየቀኑ የሚጎድል መኪና እስኪታይ ድረስ ባይነዳ ይሻላል። በብርድ ጠዋት ለአፍታ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል።

በግቢ የማይሠራም አለ። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ የዘይት ክዳኑ አሁንም ከተፈናጠረ ፋሻዎቹ አልቀው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞተር መክፈት ግድ ነው። በዚህ በቶዮታ ኬዲ ሞተር ዓይነት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በናፍጣ መርጫዎቹ (ኢንጄክተሮቹ) ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲላሉ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ቴስታታው ክዳን ይገባል፣ ዘይቱን እንደ ሬንጅ ያጠቁረዋል፣ ጥቀርሻውም የኮፓውን ወንፊት ይደፍናል። ክዳኑ ሲከፈት በመርጫዎቹ ዙሪያ እንዲህ ያለ ጥቁር ሙጫ ካለ ኮፓውን ሳያወርዱ መግጠም ሞተሩን መግደል ነው። ከፊት ያለው ፓራኦሊዮ ፈስሶ የታይሚንግ ቀበቶውን ካራሰም ቀበቶው አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህ ልምድ ላለው እጅ የሚተው ሥራ ነው።

ይህን ያህል የምዘረዝረው መኪኖቻችን ከእኛ ጋር ገና ብዙ ዓመት ስለሚኖሩ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። ገጠር ላይ ፒክአፕ የሚተካ የኤሌክትሪክ መኪናና ቻርጅ ማድረጊያ እስኪዳረስ የናፍጣው ሞተር ቤተሰብ ያስተዳድራል። በስህተት ምርመራ የተገዛ አንድ ተርቦ ከወተት ሽያጭ የብዙ ወር ትርፍ ይበላል። መካኒኮቻችንን የምወቅስበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ የፈሰሰውን ለማድረቅ ይቸኩላሉ፣ ለምን እንደፈሰሰ ግን ሲጠይቁ አላይም። ሠልጣኞቹ ገና በጠዋቱ ቢማሩት ምኞቴ ነው። ያ ልጅ ዘይት መሙያው ላይ የተንቀጠቀጠውን ክዳን ያየበት ሁኔታ ተስፋ ሰጥቶኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስደውል ሰማያዊው ጭስ ጠፍቷል፣ ተርቦው ዙሪያ ደርቋል። በካርቶኑ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት አንዲት ጠብታ አለች፤ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ የምትወርድ። ይህችኛዋ የእውነት የኋላ ፓራኦሊዮ ናት። ሽማግሌው ለጊዜው ትተዋታል። ፍሪሲዮኑ ወደ ማለቁ ተቃርቧል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ፓራኦሊዮው አብሮ ይቀየራል፣ የጉልበት ዋጋም ሁለት ጊዜ አይከፈልም። እስከዚያው ልጁ በየሳምንቱ ዘይቱን ይለካል፤ መተንፈሻውንም በየዘይት ቅያሪው አውልቆ ያያል።